ግንባር የጠፋለት መቶ ሸቅል

ከኮንሰርት የሚመለስ ሰው ሁለት አመል አለው። የመኪና በር በኃይል ይዘጋል፤ ከዚያም አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ወንዝ ማዶ እንዳለ እረኛ ይጮህበታል። ጆሮው ገና ከድምፅ ማጉያው ሥር ስላልተመለሰ የራሱን ድምፅ አይሰማም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት አባቶቻችን ሐሜትን አስበው እንጂ ኮንሰርት አይተው አይመስለኝም፤ ግን ለዚህም ልክክ ብሎ ይገባል።

ይህን ያወቅሁት ዘፈን ወዳድ ሆኜ አይደለም፤ ባለመኪና ሆኜ ነው። በእስራኤሏ ሀደራ ውስጥ፣ በተለይ እኛ በምንኖርበት በጊቫት ኦልጋ፣ መኪና ኖሮት «አልችልም» ማለት ያልለመደ ሰው የሕዝብ ንብረት ነው። ሰርግ ያደርሳል፤ ለቅሶ ያደርሳል፤ በስግድ በዓል ሽማግሌዎችን ጭኖ ኢየሩሳሌም ይወጣል። በአንድ የነሐሴ ማታ ደግሞ ሦስት ሰው ጭኜ ቂሳርያ አደረስሁ፤ ሻሎም ሃኖክ ይዘፍናል ተብሎ።

ሻሎም ሃኖክ የእስራኤል ሮክ ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ሰዎች አንዱ ነው። በ1946 ሚሽማሮት በሚባል ኪቡጽ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ስምንት መቀነሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።) ሚሽማሮት ከሀደራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ጎረቤቴ ሰውዬውን እንደ ሰፈሩ ልጅ ይቆጥረዋል። በልጅነቱ አይቶት አያውቅም፤ ግን ሊያየው ይችል ነበር፤ ይህ ለእሱ በቂ ነው።

ጎረቤቴ ሰባዎቹን ያጋመሰ፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ጡረታ የወጣ፣ ሀደራ ተወልዶ ሀደራ ያረጀ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ተሳፋሪ ልጄ ናት፤ ቲኬቶቹንም የገዛችው እሷ ናት፤ ለእሷ፣ ለጎረቤታችንና ለእኔ። የእኔ ቲኬት ግን እንዴት አጎቴ እጅ እንደገባ ልንገራችሁ።

ልንነሣ ስንል አጎቴ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ተቀምጠው ነፋስ ይቀበሉ ነበር።

«ወዴት ናችሁ?»

«ዘፈን ልንሰማ ነው።»

«ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም።»

«ታዲያ ማን ደገሰ?»

«ማንም አልደገሰም አጎቴ። ከፍለን ነው የምንገባው።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። «ካልተጋቡ፣ ካልደገሱ፣ ምን አግኝተው ነው የሚዘፍኑት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቲኬቴን ሰጠኋቸው፤ ሄደው ራሳቸው ይጠይቁ ብዬ።

ወዲያው ገብተው ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። በነሐሴ! የሀደራን ነሐሴ የማያውቅ ሰው ካለ፦ አየሩ አይተነፈስም፣ ይጠጣል። የመኪናዬ ማዝጋን (ማቀዝቀዣው) ደግሞ ከፔሳሕ (ከፋሲካ) ጀምሮ አርፏል። መካኒኩ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ማላብ ለጤና ጥሩ ነው ብዬ ወስኛለሁ። ትንሽ እንደሄድን አጎቴ የባንክ ማሽኑ ጋ አቁም አሉኝ። መድኃኒት ሊገዙ መስሎኝ ነበር።

በመንገዱ ላይ ጎረቤቴ ልማዱን አደረሰ። አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ባለፍን ቁጥር በጣቱ እያመለከተ «ድሮ ይህ ሁሉ ብርቱካን ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይህ አገር የብርቱካን አገር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ረግረግ ነበር። በ1891 የመጡት መሥራቾች በወባ እንደ ቅጠል ረግፈዋል፤ ረግረጉን ያድርቅልን ብለው የተከሉት ባሕር ዛፍ እስከ ዛሬ አለ። አጎቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ መጥተው ያንን ባሕር ዛፍ ያዩ ለት «ምኒልክ እዚህም ደርሰው ነበር እንዴ?» ማለታቸው በቤተሰባችን ይተረካል።

ጎረቤቴ ብርቱካኑን ሲያነሣ ወደ ዘፋኙ መመለሱ አይቀርም። ታሙዝ የሚባለው የሻሎም ሃኖክ ባንድ በ1976 ያወጣው አልበም ርዕሱ የብርቱካን ወቅት ማብቂያ ማለት ነው። ጎረቤቴ አልበሙ ስለ ሀደራ ትንቢት የተናገረ ይመስለዋል። «እነሱ ዘፈኑ፣ ኮንትራክተሮቹ ሰሙ» ይላል።

የቂሳርያው ቲያትር ሄሮድስ ያሠራው ነው፤ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው፤ ከመድረኩ ጀርባ ባሕሩ ይታያል። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። የጎንደር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሄሮድስን ስም በበጎ ሲያነሡት ሰምተው አያውቁም። ልጄ ሦስት ትራስ ይዛለች፤ መቀመጫው ድንጋይ ነውና።

«ሮክ ማለት በእንግሊዝኛ ድንጋይ ማለት ነው አባባ» አለቻቸው።

«እንግዲያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ድንጋይ ልንሰማ ነው» አሉ፤ ትራሱንም መለሱላት። አጎቴ ወደዚህ አገር የመጡት ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጫን ትራስ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አያማርጡም።

እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። መስኮቱን ከፍቼ ባዳምጥ ከባሕሩ ነፋስ ጋር የሚመጣው ከበሮው ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ጭብጨባ፤ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል። ይህን ሰውዬ የምሰማው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በግድግዳ በኩል።

መጀመሪያ የሰማሁት በ1985 ነው። እኛ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የገባን ነን። ዘመቻው በ1984 ኅዳር ተጀምሮ በ1985 ጥር መጀመሪያ ተቋረጠ፤ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ባረፍንበት መርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ) ከክፍላችን ግድግዳ ማዶ አንድ ወጣት መድሪክ (መሪያችን) ይኖር ነበር፤ ማታ ማታ ካሴቱን ይከፍታል። በዚያው ዓመት የሻሎም ሃኖክ «መሲሑን ስንጠብቅ» የሚለው አልበም ወጥቶ አገሩን ሞልቶት ነበር።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ያኔ የሚያውቀው ዕብራይስጥ ሰላምታ፣ ዳቦና ውኃ ነው። ከግድግዳው ማዶ ግን አንዲት ቃል ለየ፤ ማሺያሕ። መሲሕ! ይህች ትርጉም አያሻትም። ከሥሯ ደግሞ ከበሮ አለ። በእኛ ጸሎት ቤት ነጋሪትና ቃጭል እየተመታ ሲጸለይ ላደገ ሰው፣ ከበሮና መሲሕ አንድ ላይ ከመጡ ጸሎት ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? አባቴ ተነሣ። እኛንም አስነሣን። ካሴቱ እስኪያልቅ ቆምን።

«እነዚህ ሰዎች ቀን ይሠራሉ፣ ሌሊት ይጸልያሉ» አለ እያደነቀ።

ያ መድሪክ ዘፈኑን ይወደው ስለነበር መልሶ መላልሶ ያስኬደዋል። በአንድ ማታ አራት ጊዜ የተነሣንበት ቀን አለ።

ቃሉ የገባኝ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ ኡልፓን ከገባሁ ከወራት በኋላ ነው። ነገሩ ጸሎት አልነበረም፤ ምጸት ነበር። ሰዎች መሲሑን ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን የሚመጣ አይመስልም፤ የአክሲዮኑም ገበያ ወድቋል። በ1983 የባንኮቹ አክሲዮን ተንኮታኩቶ የብዙ ሰው ጥሪት «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ነበርና አድማጩ ነገሩ ገብቶታል። እኛ ደግሞ ስንጠብቀው የኖርነው አገር ደርሰን ሻንጣችንን ሳንፈታ (ሻንጣስ የት ነበረን?) የአገሩ ሰው በመጠበቅ ላይ ሲቀልድ ደረስን። ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው? «ምን ይላል ጸሎቱ?» ሲለኝ «መሲሑን እየጠበቅን ነው ይላል» አልሁት። ውሸት አልነበረም። ግማሹን እውነት ይዞ ኖረ፤ ይዞትም ሄደ።

ይህን ሳስብ ቲያትሩ ተለቀቀ።

ሁለት በር በኃይል ተዘጋ፤ አንዱ ቀስ ብሎ። ቀስ ብለው የዘጉት አጎቴ ናቸው፤ ቁጭ ካሉ በኋላ ከሁለት ጆሯቸው ሁለት ጥቅልል ሶፍት አወጡ።

«እንዴት ነበር?» አልሁ።

«እንደ ድሮው አይደለም!» ብሎ ጎረቤቴ ጮኸ። ፊቱን በመስታወቱ አየሁት፤ ደስታ ሞልቶበታል። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ታዝቤዋለሁ። ስለ አንድ አንጋፋ ዘፋኝ «እንደ ድሮው አይደለም» የሚል ሰው አዝኖ ሲናገር አላጋጠመኝም። የእኛም ሰዎች እንዲሁ ናቸው። ስለ ማሕሙድ አሕመድ ሲያወሩ ስሙ፤ «ድሮ ነበር» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው፤ ድሮውን ራሳቸው ያዘጋጁት ይመስል።

ከዚህ ፍርድ ያመለጠ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ አሪክ አይንሽታይን። በ1970 ከሻሎም ሃኖክ ጋር «ሻብሉል» የተባለውን አልበም፣ ማለትም ቀንድ አውጣን፣ የሠራው ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ኮንሰርት ማቅረብ እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ስቱዲዮ እየገባ ይዘፍን፣ ከዚያ ቤቱ ይገባ ነበር፤ እንደ ቀንድ አውጣው። 30 ዓመት ያህል ማንም «በመድረክ አየሁት፣ እንደ ድሮው አይደለም» ሊል አልቻለም። በ2013 ኅዳር ሲሞት ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው አንድ ቦታ ያገኘው ከረጅም ዘመን በኋላ መሆኑ ነው።

አጎቴ ጎረቤቴ ያለውን ተርጉምልኝ አሉኝ። ተረጎምሁ።

«ድሮ እንዴት ነበር በለው።»

ጠየቅሁላቸው። ጎረቤቴ ተቃና። ድሮማ! ከወታደርነት የተመለሰ ሰሞን፣ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር፣ ሞተር ሳይክል ነበረው፣ ከኋላው የምትቀመጥ አንዲት ከኔታንያ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ሬዲዮ ነበር፣ ብርቱካን ከነቅጠሉ... እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ አወራ። ቃል በቃል ተረጎምሁ።

«ስለ ሞተር ሳይክሉ ነው የሚያወራው» አሉ አጎቴ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የልጄ አስተያየት ሌላ ነው። ዋው፣ እብደት፣ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። የትኛው ዘፈን ይበልጣል ብላት «ቤት ገብቼ ሳየው እነግርሃለሁ አባ» አለችኝ። 41 ደቂቃ ቀርጻለች። ሰውዬው ፊት ለፊቷ ቆሞ እሷ ስልኳ ውስጥ አውራ ጣት አክሎ ታየው ነበር።

ክርክሩ የተነሣው በብርቱካኑ ዘፈን ነው። ጎረቤቴ ድምፁ ተሰብሯል፣ ዜማውንም ስቶታል አለ። ልጄ በፍጹም አለች። «ማስረጃ አለኝ!» ብላ ስልኳን ከፈተች። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን።

ከስልኩ የወጣው ድምፅ በእርግጥ የተሰበረ ነበር። ዜማውንም ስቷል። ቃሉን ከሙዚቃው ግማሽ እርምጃ እየቀደመ በሙሉ ልቡ ይጮኻል። ዘፋኙ ከዚያ ድምፅ ጀርባ፣ በጣም ሩቅ፣ ደህና አድርጎ ይዘፍናል። የሚጮኸው ከልጄ ቀኝ የተቀመጠው ጎረቤቴ ነበር።

በመኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልጄ ስልኳን አጠፋች። ጎረቤቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ «እዚህም ድሮ ብርቱካን ነበር» አለ፤ በዚያ በኩል ግን የነበረው ባሕሩ ነው።

ነገር ለማስለወጥ ብዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «እርስዎስ አጎቴ? እንዴት አገኙት?»

አጎቴ አዝማሪ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አምቦበር በነበሩ ጊዜ የሰርግ አዝማሪ ሲመጣ ከፊት ተቀምጠው «ተቀበል!» እያሉ ግጥም የሚያቀብሉ እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ አስተያየታቸው የባለሙያ ነው።

«ሰውዬው ጎበዝ ነው» አሉ። «ላቡን አፍስሶ ሠርቷል። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዘፍን አንድ ሰው አላወደሰም። አንድ ሰውም አልሰደበም። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ አላለም። አራት ሺህ ሰው ተቀምጦ አንድ እንኳ ግጥም አላቀበለው። ምስኪን፣ ሁሉንም ብቻውን!»

«ምንም የወደዱት የለም ታዲያ?»

«አሸኛኘታቸውን ወድጄዋለሁ።» እዚህ ላይ ተቃኑ። «ጨረስሁ፣ ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። ሕዝቡ የት ትሄዳለህ ብሎ ጮኸ። ተመለሰ። ዘፈነላቸው። ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። አሁንም መለሱት። ፈረንጅ እንዲህ መሸኘት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ካልተሰናበቱማ ምኑን ተለያዩት!»

ልጄ ይህ ሁልጊዜ የሚደረግ፣ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው አለቻቸው። «የእኛስ አስቀድሞ የታወቀ አይደል?» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቡጢያቸውን ፈተው አሳዩኝ። አንድ መቶ ሸቅል፣ አዲሱ ብርቱካንማው፣ ባለቅኔዋ ሊያ ጎልድበርግ ያለችበት፤ በላብ ርሶ አራት ላይ ታጥፏል።

«ልሸልመው ነበር። አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ አላሳልፍ አለኝ። ስነሣ ክንዴን ይዞ ‹ሳባ (አያቴ)፣ በዚህ በኩል ነው› ይለኛል፤ ስደርስ ሽንት ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ወሰደኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ለእሱ እንዳልሰጠው አልዘፈነ።»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ጎረቤቴ ምን አለ አለ፤ ተረጎምሁለት፤ እሱም ሳቀ፣ ተፈታ። ባሕሩ ዳር ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ከፊታችን ብቅ አሉ፤ ረጅሙ 300 ሜትር ይሆናል፤ ቀይ መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ ብርሃን ሥር አጎቴ ያላሰብሁትን ነገር አመጡ።

«ጸሎቱንስ ደህና አድርገው አደረሱት።»

«የቱን ጸሎት?»

«የመሲሑን። አባትህ ነግሮኝ ነበር፤ ነጋሪት ያለው ጸሎት አላቸው፣ በመሲሑ ስም ነው፣ ሲሰማ ይቆማል ብሎ። እውነት አልመሰለኝም ነበር። ዛሬ ከበሮው ተመታ፣ ቃሉን ሰማሁ፣ ብድግ አልሁ። ዞር ብዬ ባይ ያ ሁሉ ሰው፣ ወጣቱም ሽማግሌውም፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ያ ቢጫ ለባሹ እንኳ ያኔ ሽንት ቤት አላለኝም።»

ልጄ በመስታወቱ አየችኝ። አየኋት። ያኔም በ12 ዓመቴ ያልተናገርሁትን አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ ባለፈ ክረምት ቤት ልሠራ? «አዎ፣ ሁሉም ይቆማል» አልሁ።

«አባ፣ እንዴት ነበር የሚለው ዜማው?» አለች ልጄ ቀስ ብላ፤ አሁን ጆሮዋ ተመልሷል።

አጎረመረምሁት። የማውቀው በግድግዳ በኩል የሰማሁትን ነው፤ አብዛኛው ከበሮ፣ ከመካከሉ አንዲት ቃል። በመሪው ላይ በጣቴ እየመታሁ፣ ከበሮውን በአፌ፣ ቃሏን በጉሮሮዬ። ጎረቤቴ ተቀበለኝ፤ ግማሽ እርምጃ እየቀደመ። ልጄ አጨበጨበች።

የሀደራ መግቢያ መብራት ቀይ ሆኖ ጠበቀን። ስቆም ከኋላዬ ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ የሻከረ እጅ በትከሻዬ ላይ አልፎ መጣና ግንባሬ ላይ ጥፍ አለ። በአገራችን ብር ግንባር ላይ እንዲጣበቅ ምራቅ ይፈልግ ነበር። ማዝጋኑ በሞተ መኪና፣ በሀደራ ነሐሴ፣ ምንም አያስፈልግም።

ከጎናችን የቆመው መኪና ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያየኛል። ብርቱካንማዋ ሊያ ጎልድበርግ ከሁለት ቅንድቤ መካከል ሆና ታየዋለች። ከኋላ አጎቴ «ተቀበል!» አሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እኔ ግን ዘፈኑን አልጨረስሁም ነበር።